የተበዳዩ ገንዘብ የት ነው ያለው?

እስቲ አንድ ነገር አብረን እናስብ። አንድ የሜትር ታክሲ ሹፌር ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ከመገናኛ ሁለት ሰዎች ይጭናል። ሲኤምሲን አለፍ ብለው መንገዱ ጭር ሲል ከኋላ የተቀመጠው ጩቤ ይመዛል። ሹፌሩ ስልኩንም የቀኑን ገቢም ይሰጣል። ያም ሆኖ ቀኝ እጁን ይወጋል፤ ጅማቱ ይበጠሳል። ፖሊስ (ለዛሬ እንኳን ጎበዝ ፖሊስ እናድርገው) በሳምንቱ አንደኛውን ይይዘዋል። ዐቃቤ ሕግ ይከሳል፣ ምስክር ይሰማል፣ ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛ ይላል። ስምንት ዓመት ጽኑ እስራትና 10,000 ብር መቀጮ። መዝገቡ ተዘግቷል፤ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ።

ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ አሥር ሺህ ብሩ የት ገባ?

መልሱ አጭር ነው፤ መንግሥት ካዝና። ከታክሱና ከቀረጡ ጋር ይደባለቅና ለአስፋልትም ለደሞዝም ለስብሰባ ውሃም ይውላል። ሹፌሩስ? ሹፌሩማ የሕክምናውን ከራሱ ኪስ (ማለትም ከእህቱ ኪስ) ከፍሏል። መሪ መጨበጥ አይችልም። የመኪናዋ የባንክ ዕዳ ግን እጁ ዳነ አልዳነ ብሎ አይጠይቅም፤ ወር ሲገባ ይመጣል። ከዚህ ወንጀል ገንዘብ ያገኘው ማን እንደሆነ ብትቆጥሩ አንደኛው ዘራፊው ነው፣ ስልኩን ሸጧል። ሁለተኛው መንግሥት ነው። የተወጋው ሰው ከዝርዝሩ ውስጥ የለም።

የሕግ ተማሪ ጓደኞቻችን እዚህ ጋ እጃቸውን እንደሚያወጡ አውቃለሁ። «ካሳ መጠየቅ ይችላል እኮ!» አዎ፣ ይችላል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 154 ላይ በወንጀል የተጎዳ ሰው እዚያው የወንጀል ክሱ በሚታይበት ችሎት የካሳ ጥያቄውን ሊያቀርብ እንደሚችል ይናገራል። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 101 ይህንኑ ያጸናል። ወረቀቱ ላይ ምንም ችግር የለም። ችግሩ የተከሳሹ ኪስ ላይ ነው። በጩቤ ስልክ የሚቀማ ሰው በባንክ የተቀመጠ ገንዘብ፣ በስሙ የተመዘገበ ቤት ያለው ይመስላችኋል? 200,000 ብር ካሳ ተፈርዶለት ከእስረኛ ላይ ልቀበል ብሎ የሚሄድ ሰው የፍርድ ወረቀቱን ፍሬም አድርጎ ሳሎን ቢሰቅለው ይሻለዋል።

ነገር ግን ሕጉ ይሄንንም አስቦበታል! ቀጥሎ ያለውን አንቀጽ 102ን አንብቡት። ካሳው ካልተከፈለ፣ ወይም እንደማይከፈል ከታየ፣ ፍርድ ቤቱ ከተወረሱት ዕቃዎች ሽያጭ፣ ከዋስትናው ገንዘብ ወይም ከመቀጮው ላይ ተነሥቶ ለተበዳዩ እንዲሰጥ ማዘዝ ይችላል። መንግሥት ደግሞ በተበዳዩ እግር ተተክቶ ገንዘቡን በኋላ ወንጀለኛውን ይጠይቀዋል። ሐሳቡ አዲስ እንኳን አይደለም፤ በ1949 በወጣው የጃንሆይ ዘመን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ውስጥ ነበረ። አያቶቻችን ወጣት በነበሩበት ጊዜ የተጻፈ፣ ሦስት መንግሥታትን ተሻግሮ የመጣ አንቀጽ ነው።

እስቲ አሁን በአጠገባችሁ ያለውን ሰው ስለ አንቀጽ 102 ጠይቁት። ሰምቶ ያውቃል? እኔ የጠየቅኳቸው አልሰሙም (አንዱ «የኢንተርኔት ፓኬጅ ነው?» አለኝ)። አንቀጹ «ማዘዝ ይችላል» ይላል እንጂ «ያዛል» አይልም። እንዲታዘዝለት ማን ይጠይቅ? ዐቃቤ ሕጉ የመንግሥት ጠበቃ ነው፣ የሹፌሩ አይደለም። ሹፌሩ ደግሞ ለራሱ ጠበቃ የሚገዛበት ገንዘብ ቢኖረው ኖሮ መጀመሪያ እጁን ያሳክም ነበር። ይሄ ሁሉ ደግሞ ወንጀለኛው ተይዞ ሲፈረድበት ነው። ካልተያዘ መቀጮም የለ፣ የሚወረስ ዕቃም የለ፣ አንቀጽ 102ም የለ።

ስለዚህ ብዙ አገሮች የደረሱበት ሐሳብ ይመጣል። ከየወንጀለኛው የሚሰበሰበው ገንዘብ በአንድ ቋት ይጠራቀም፣ ተበዳይ የሆነ ሰው ሁሉ (የበደለው ቢያዝም ባይያዝም) ከቋቱ ይካስ። ኒውዚላንድ በእ.ኤ.አ. 1963 ሕግ አወጣች፣ ብሪታኒያ በ1964 ተከተለች፣ ካሊፎርኒያ በ1965። እርግጥ የነዚህ የመጀመሪያዎቹ ምንጭ ከመቀጮ ይልቅ የመንግሥት ባጀት ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በ1985 ባወጣው የወንጀል ተጎጂዎች መግለጫ ወንጀለኛው መክፈል ሲያቅተው መንግሥታት እንዲክሱ፣ ለዚሁም ብሔራዊ ፈንድ እንዲያቋቁሙ አሳስቧል።

«የፈረንጅ ቅንጦት ነው» የሚል ካለ ደግሞ አንድ ቃል ላስታውሰው፤ አውጫጭኝ። አፈርሳታም ይባላል። ከብት ሲሰረቅ፣ ቤት ሲቃጠል፣ ሰው ተገድሎ ሲገኝ የአገሩ ሰው ይሰበሰብና ወንጀለኛው እስኪታወቅ ይመክራል። ካልታወቀስ? አገሬው አዋጥቶ ለተበዳዩ ይከፍላል። ሰው ለቀናት ሥራ እየፈታ ይቀመጥበት የነበረ፣ የቀረ የሚቀጣበት፣ ምቾት የሌለው ሥርዓት ነበር፤ ይመለስ እያልኩ አይደለም። ግን ውስጡ ያለችውን ሐሳብ ተመልከቷት። እኛ ባለንበት አገር ሰው ተበድሎ በዳዩን ካላገኘንለት ዕዳው የኛ ነው፣ ነው የምትለው። ከዚያ ወዲህ ነው እንግዲህ ዕዳውን ትተን ምክሩን ብቻ የያዝነው።

እሺ፣ ፈንድ ይቋቋም ብለን እንስማማ። እዚህ ጋ አብዛኛው አስተያየት ሰጪ «ይቋቋም!» ብሎ ጽሑፉን ይዘጋል። እኔ ግን የምፈራው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። ለተበዳይ ተብሎ የተጠራቀመ ገንዘብ ባለቤቱ ደካማ ነው። ድምፅ የለውም፣ ማኅበር የለውም፣ ተሰልፎ አይጮህም። ባለቤቱ ደካማ የሆነ ገንዘብ ደግሞ ምን እንደሚሆን ለማየት ትልቁን ቋት፣ የአሜሪካኖቹን እንይ።

አሜሪካ የወንጀል ተጎጂዎች ፈንድን ያቋቋመችው በእ.ኤ.አ. 1984 ነው። ፈራሚው ፕሬዚዳንት ሬገን ነበሩ (ከሦስት ዓመት በፊት ራሳቸው በጥይት ተመትተው የተረፉ ሰው!)። የፈንዱ ውበት ከግብር ከፋዩ ሳንቲም አለመንካቱ ላይ ነው። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሚከፈለው የወንጀል መቀጮ፣ የተወረሰ ዋስትና፣ ከባድ ወንጀል ላይ ጥፋተኛ የተባለ እያንዳንዱ ግለሰብ የሚከፍላት 100 ዶላር ጭምር ወደዚያ ይገባል። ከዚያ ለየክፍለ ግዛቱ ይከፋፈላል። ክፍለ ግዛቱ ለተጎጂው የሕክምናውን፣ ሥራ የፈታበትን፣ የቀብሩን ወጪ ይሸፍናል፤ ሌላው ገንዘብ የተደበደቡ ሴቶች ለሚጠለሉበት ቤት፣ ለምክር አገልግሎት፣ ለመሳሰለው ይሄዳል። በዋሽንግተን ዲሲ ለምሳሌ ካሳውን የሚያስተዳድረው ራሱ የከተማዋ ፍርድ ቤት ነው። እዚያ ማታ ማታ ታክሲ የሚነዱ፣ ፓርኪንግ የሚጠብቁ፣ ሱቅ የሚያድሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸውና ይቺን ለዘመድ ማሳወቅ አይከፋም።

እስካሁን ግሩም ነው። ግን ትልልቅ ኩባንያዎች መቀጣት ሲጀምሩ ቋቱ ሞላ። የአንዱ ዓመት ገቢ ትንሽ፣ የሌላው ዓመት ብዙ እየሆነ ሲያስቸግር ኮንግረስ ከ2000 ጀምሮ «በዓመት ከዚህ በላይ አይወጣም» የሚል ጣሪያ አበጀ። የመጀመሪያው ጣሪያ 500 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ምክንያቱ ጥሩ ነው፤ በጥጋቡ ዓመት አስቀምጠህ በድርቁ ዓመት ትበላለህ፣ ልክ እንደ ዮሴፍ።

ዮሴፍ ግን ድርቁ ሲመጣ ጎተራውን ከፍቷል። የኮንግረስ ሰዎች ሌላ ነገር ተገለጠላቸው። በባጀት አቆጣጠራቸው በጣሪያው ምክንያት ሳይወጣ የቀረው የፈንዱ ገንዘብ እንደ «ቁጠባ» ይመዘገባል። «ቁጠባ» ካለ ደግሞ በዚያው ልክ ሌላ ቦታ ወጪ መጨመር ይቻላል። አልገባችሁም? እንዲህ አስቡት። እህታችሁ የዕቁብ ገንዘቧን አደራ ብላ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጣለች። እናንተ አልነካችሁትም፣ ወንድማማች ናችሁ፣ ትማላላችሁ። ግን ሰፈር ያለው ባለሱቅ ጋ ሄዳችሁ «ቤት ገንዘብ አለን» እያላችሁ በዱቤ ትወስዳላችሁ። እህታችሁ ገንዘቧን ልውሰድ ስትል «ቆይ እንጂ፣ አሁን ካወጣሽው እኮ ዱቤያችን ይበላሻል!» ትሏታላችሁ። ገንዘቡ ሳይነካ ተበላ ማለት ይሄ ነው።

ውጤቱን በቁጥር ተመልከቱት። በ2014 የባጀት ዓመት ቋቱ ውስጥ በቢሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ተኝቶ እያለ እንዲወጣ የተፈቀደው 745 ሚሊዮን ብቻ ነበር። ጩኸቱ ሲበረታ በ2015 ጣሪያው በአንዴ 2.36 ቢሊዮን ሆነ። ገንዘቡ አልነበረም እንዳይባል ነበረ ማለት ነው! በዚያው በ2015 ደግሞ በባጀት ስምምነት ከዚሁ ፈንድ ላይ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ተቆርጦ ወጣ። ባለሱቁ ዱቤውን ጠየቀ እንግዲህ።

ከዚያ ድርቁ መጣ። በ2017 ፎልክስዋገን በናፍጣ መኪኖቹ የጭስ ማጭበርበር ጥፋተኛ ነኝ ብሎ 2.8 ቢሊዮን ዶላር የወንጀል መቀጮ ተቀጣ፤ የዚያ ዓመት የፈንዱ ገቢ ከ6.5 ቢሊዮን አለፈ። በቀጣዩ ዓመት ስንት ገባ? ወደ 445 ሚሊዮን። ወንጀል ቀንሶ ነው እንዳትሉ። አንዱ ምክንያት ዐቃቤ ሕጎቹ ከትልልቅ ኩባንያዎች ጋር ክስ ሳይመሠርቱ ወይም ክሱን አዘግይተው በስምምነት መጨረስን ማብዛታቸው ነው። በስምምነት የሚከፈለው ገንዘብ በሕጉ አነጋገር «የወንጀል መቀጮ» ስላልሆነ ወደ ተጎጂዎች ፈንድ ሳይሆን ወደ ጠቅላላው ግምጃ ቤት ይገባ ነበር። ልብ በሉ፤ አንድ ጠበቃና አንድ ዐቃቤ ሕግ ኒውዮርክ ላይ ቡና እየጠጡ ስምምነቱን ምን ብለው እንደሚጠሩት ሲወስኑ፣ ኦሃዮ ያለች ከባሏ ዱላ የሸሸች ሴት አልጋ ማግኘት አለማግኘቷ አብሮ ይወሰናል። ሕጉ ይህንን ቀዳዳ የደፈነው ሐምሌ ወር 2021 ላይ ነው። ያም ሆኖ በ2018 4.4 ቢሊዮን ደርሶ የነበረው ዓመታዊ ወጪ በ2024 1.35 ቢሊዮን ላይ ወረደ፤ መጠለያዎች ሠራተኛ ቀነሱ፣ አገልግሎት አጠፉ።

እኔ ከዚህ ታሪክ የምወስደው አሜሪካኖቹ ሌቦች ናቸው የሚለውን አይደለም። ያስደነገጠኝ ሌብነት ሳይኖርበት መሆኑ ነው! ሁሉም በሕግ፣ በድምፅ ብልጫ፣ በይፋ ሰነድ ነው የተደረገው። ኦዲተር ቢመጣ አንድ ሳንቲም አይጎድልም። እኛ አገር ስለ ፈንድ ስናወራ ወዲያው «ይበላል» እንላለን። ተገቢ ሥጋት ነው፤ ግን ጎደሎው እሱ ብቻ አይደለም። ገንዘብ ሳይበላም ለባለቤቱ ሳይደርስ ሊቀር ይችላል። እንዲያውም እኛ ጋ መተኛቱ ራሱ መበላት ነው። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረታችን ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በዚያ ዓመት መጀመሪያ ካዝና ውስጥ የተቀመጠ ሚሊዮን ብር ማንም ሳይነካው በዓመቱ መጨረሻ የመግዛት አቅሙ ሩብ ያህል አብሮት አልነበረም።

የራሳችን ናሙናም አለን። በ2000 ዓ.ም. የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ሲወጣ (ቁጥር 559፣ በኋላ በ2005 በአዋጅ ቁጥር 799 ተተክቷል) የመድን ፈንድ የሚባል ነገር አብሮ መጣ። ገጭቶ ያመለጠ፣ ታርጋው ያልታወቀ ወይም መድን የሌለው መኪና ሰው ሲጎዳ ተጎጂው ከፈንዱ ይካሳል። አያችሁ? በዳዩ ባይያዝም ተበዳዩ ይካሳል የሚለውን ሐሳብ መንግሥት በመኪና በኩል ተቀብሎታል። በጩቤ ሲሆን ነው የከበደው።

ግን እዚያም ላይ የሚያሳዝን ነገር አለ። በ2005ቱ አዋጅ ለአንድ ሰው ሞት የተቀመጠው የካሳ ጣሪያ 40,000 ብር ነበር፤ ለንብረት ጉዳት ደግሞ 100,000። አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል፤ የመኪና በርና የሱቅ መስታወት ከሰው ይበልጥ ነበር። ሕግ አውጪዎቹ ጨካኞች ስለሆኑ አይመስለኝም። የመኪና በር ዋጋው ጋራዥ ይታወቃል፣ ባለመኪናውም ደርሶ ይከራከራል። የሞተው ሰው አይከራከርም። በብር የተጻፈ ጣሪያ ደግሞ እንደተጻፈ አይቆይም፤ ጤፍ ሲወደድ እሱ ባለበት ሆኖ ይሟሟል።

በ2007 የወጣው በሰው የመነገድ ወንጀል አዋጅ (ቁጥር 909) ለተጎጂዎች ፈንድ እንዲቋቋም ደንግጎ ነበር፤ ከምንጮቹ አንዱም ከደላሎቹ የሚወረሰው ንብረት ሽያጭ ነው። አዋጁ በ2012 በቁጥር 1178 ሲተካም ሐሳቡ ቀጠለ። ከሳዑዲ ባዶ እጇን ለተመለሰች፣ ደላላው የወላጆቿን በሬ አሸጦ ለላካት ልጅ ከዚህ የተሻለ ፍትሕ የለም። ቤቱ የተሸጠ ደላላ ቀጣዩን ለመላክም ይከብደዋል። ታዲያ ልጅቷ ቦሌ ስትወርድ ይህ ፈንድ መኖሩን የሚነግራት ማን ነው? የትኛው መስኮት ነው የምትሄደው?

ስለዚህ እኔ የምለው፣ ሌላ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት አንፈልግም። ዋና ዳይሬክተር፣ ምክትል ሁለት፣ ላንድክሩዘር አራት፣ «የባለድርሻ አካላት ምክክር» ቢሾፍቱ ላይ... በቃ፣ ተበዳዩ የሚደርሰው የሻይ ሰዓት ላይ ነው። ፍርድ ቤቱ ቀድሞውኑ አለ፤ ሬጅስትራሩም አለ፤ መቀጮውን የሚቀበለው ገንዘብ ያዥም አለ። ያው ገንዘብ ያዥ የተቀበለውን ለምን አይከፍልም? ዐቃቤ ሕግ የቅጣት አስተያየት ሲሰጥ «የግል ተበዳዩ በአንቀጽ 102 ከመቀጮው እንዲከፈለው» ብሎ መጨመር ግዴታው ይሁን። ለዚህ አዲስ አዋጅ እንኳን አያስፈልግም፣ አንድ መመሪያ ይበቃዋል። ፍርድ ቤቱም ካልፈቀደ ለምን እንዳልፈቀደ ይጻፍ።

በዳያቸው ላልተያዘባቸው ደግሞ የመቀጮው የተወሰነ ድርሻ በተለየ ሒሳብ ይቀመጥ። ይህ ሒሳብ የገንዘብ ሚኒስቴር ሲቸግረው «የሚበደረው» እንዳይሆን በሕግ ይታጠር። ጎተራ መሆኑም ቀርቶ ቦይ ይሁን፤ ያለፉት ሦስት ዓመታት አማካይ ገቢ የዘንድሮ ወጪ ሆኖ ይውጣ፣ ለድርቅ የሚቀመጠው የአንድ ዓመት ወጪ ያህል ብቻ ይሁን፣ ከዚያ የተረፈው አይተኛ። ሕክምና መጀመሪያ። የካሳው ጣሪያም በብር ሳይሆን በሆነ ከኑሮ ጋር በሚንቀሳቀስ ነገር ይለካ። ልክፈል ሲባል የሐሰት ተበዳይ እንደሚበዛ አላጣሁትም፤ ጭንቅላቱን ራሱ ፈንክቶ የሚመጣም አይጠፋም። ግን የሐኪም ማስረጃና የፖሊስ መዝገብ የሚባል ነገር አለ፤ የመድን ድርጅቶች በየቀኑ የሚሠሩት ሥራ ነው።

«አገሪቱ ድሃ ነች፣ የመቀጮውን ገንዘብ ትፈልገዋለች» የሚለው ክርክር ግን አይገባኝም። ድሃ ነን፤ ታዲያ የድሃ አገር ባጀት ጎደሎ የሚሞላው በተወጋ ሰው እጅ ነው? ለመንግሥት አሥር ሺህ ብር ከትልቁ ባጀት ውስጥ ትንሽ ነጥብ ነው። ለሹፌሩ ጅማቱን የሚሰፋለት ሐኪም ነው።

መጀመር የምንችለው ደግሞ ከዚህም ከቀለለ ነገር ነው። የመንግሥት ባጀት ውስጥ ከፍርድ ቤት መቀጮ የሚገባው ገቢ በራሱ መደብ ይመዘገባል። ከሱ ሥር አንዲት መስመር ትጨመር፦ «ከዚህ ውስጥ ለተበዳዮች የተከፈለ»። በየዓመቱ ትታተም። የመጀመሪያው ዓመት ዜሮም ቢሆን ዜሮው ይጻፍ።